መጀመሪያ የጎማዬን

«መጀመሪያ መቀመጫዬን» አለች የሚባልላት ዝንጀሮ የኮርስ ብስክሌት ቢኖራት ኖሮ፣ ለዕድሳት የያዘችውን ገንዘብ ምን ላይ እንደምታውለው መገመት አይቸግርም። ብስክሌት ከነጋላቢው መሬት የሚነካው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። ሰውየውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑና ጎማው በደንብ የተነፋ ቢሆን፣ አስፋልቱ ላይ የሚያርፈው የጎማ ቆዳ የፊቱም የኋላውም ተደምሮ 13 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የኤቲኤም ካርድ ሩብ እንደማለት። ፍሬን ሲያዝ፣ ኩርባ ሲታጠፍ፣ «ወራጅ አለ» የተባለለት ሚኒባስ በድንገት ፊት ሲደቀን፣ የሰውየው ዕጣ ያለው በዚያች ሩብ ካርድ ላይ ነው። ታዲያ ብስክሌቱ አርጅቶ እግር የሚቀየርለት ቀን ሲደርስ፣ ባለቤቱ ሩብ ካርዷን ይረሳና መሬት የማይነካውን ነገር ሊገዛ ይወጣል። አብረቅራቂ፣ ጥቁር፣ ጎኑ ላይ ትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ቸርኬ ገዝቶ ይመለስና፣ በተረፈችው ሳንቲም ከሱቁ ጥግ አቧራ የጠጣ ርካሽ ጎማ ያለብሰዋል። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ሰው ጋር የሚደረግ ክርክር ነው። ሰውየው ደግሞ ብዙ ነው።

ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችን ነው። እኛ ጎማ የምንለው ሁሉንም ነው፤ ላስቲኩም ጎማ፣ ላስቲኩን የተሸከመው ብረትም ጎማ፣ ሁለቱ ተገጣጥመው ሲዞሩም ጎማ። «ጎማ ልቀይር ነው» ያለ ሰው 100 ዶላር ሊያወጣ ይሁን 1,000 ዶላር፣ ራሱም የሚያውቀው ሱቅ ከገባ በኋላ ነው። ቃሉን ከጣልያን ስንወስደው ላስቲክ ማለት ብቻ ነበር፤ ያሰፋነው እኛ ነን። ክቡን ብረት ለብቻው የሚጠሩበትንም ስም ወስደን ቸርኬ አልነው። የውስጡን ፊኛ እነሱ «የአየር ክፍል» ሲሉት እኛ አፋችን እንደመራን ከመነዳሪ አደረግነው፤ ሠሪውም ጎሚስታ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ለዛሬ እንስማማ። ጎማ ስል የውጩን ላስቲክ ብቻ ነው፤ ቸርኬ ስል ደግሞ ክቡን ከነሽቦዎቹና መሃል ላይ ካለው ሞዞ ጋር ነው። የምለውም ይህ ነው፦ ገንዘቡ ወደ ጎማው ይሂድ፣ ጎማውም ብስክሌቱ የሚችለውን ያህል ሰፊ ይሁን፣ ቸርኬው ግን ዕድሜውን ካልጨረሰ በቀር ባለበት ይቆይ።

ቸርኬ የሚወደድበት ምክንያት አይጠፋኝም። ቸርኬ ይታያል። ጠለቅ ያለ የካርበን ቸርኬ ብስክሌቱ ቆሞ እንኳ የሚሮጥ ያስመስለዋል፤ ሲነዳ ደግሞ የራሱ ድምፅ አለው፣ ከሩቅ የሚሰማ ጉምጉምታ። ጎማ ግን ምን አለው? ጥቁር ነው፤ የ20 ዶላሩም ጥቁር፣ የ70 ዶላሩም ጥቁር። ካፌ በር ላይ ብስክሌቱን አስደግፎ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው፣ «ይሄ ጎማ ግን እንዴት ለስላሳ ነው!» የሚል አድናቂ አያገኝም። ነገሩ ሙሉ ልብስ ገዝቶ ተረከዙ ባለቀ ጫማ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ሁሉም ሰው ልብሱን ሲያይ፣ እውነቱን የሚያውቀው ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ሊስትሮ ብቻ ነው። ለጌጥ ብሎ የሚገዛ ሰው ለጌጥ ነው ካለ ክርክር የለንም፤ ጌጥ መብት ነው። ክርክሩ የሚጀመረው «ፍጥነት እንዲጨምርልኝ ነው» ሲል ነው። ያኔ ሒሳብ እንጠይቀዋለን።

ሒሳቡን እንጦጦ ላይ እናድርገው። ጋላቢያችን 8 ኪሎ ሜትር እየነዳ 500 ሜትር ሽቅብ ይወጣል እንበል፤ ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ ይመዝናል፣ እግሩም 200 ዋት ያመነጫል፤ ለትርፍ ጊዜ ጋላቢ ደህና ጉልበት ነው። ከ1,000 ዶላር በላይ ከፍሎ የገዛው ቸርኬ ከቀድሞው በግማሽ ኪሎ ቀለለለት፤ ይህም ትልቅ ቅናሽ ነው፣ ሻጩ በኩራት የሚናገረው። ግማሽ ኪሎን 500 ሜትር ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት 2,450 ጁል ገደማ ነው፤ ለ200 ዋት ሲካፈል 12 ሰከንድ ይመጣል። ከግማሽ ሰዓት በላይ በሚፈጅ አቀበት ላይ የተረፈው 12 ሰከንድ፣ አፍንጫ ለመናፈጥ ቆም ቢሉ የሚያልቅ ጊዜ ነው። የበለጠ የሚያሳዝነው ደግሞ ግማሽ ኪሎ በዚህች ከተማ የታወቀ መለኪያ መሆኑ ነው። ሰውየው አቀበቱን ጨርሶ ሲወርድ ከጓደኞቹ ጋር ሉካንዳ ቤት ጎራ ይልና «ግማሽ ኪሎ ቁርጥ» ብሎ ያዛል። ከቸርኬው በ1,000 ዶላር ያስወጣውን ሥጋ በሹካ መልሶ ያስገባዋል ማለት ነው፣ ያውም በአዋዜ።

እዚህ ላይ ነገር የሚያውቅ ጋላቢ እጁን ያነሳል። «የሚዞር ክብደት ከቆመ ክብደት እጥፍ ይከብዳል፤ ቸርኬ ላይ የተቀነሰ ግማሽ ኪሎ እንደ አንድ ኪሎ ነው» ይላል። አባባሉ መሠረት አለው። ክቡ ወደ ፊት ከመሄዱ በላይ ይሽከረከራልና ፍጥነት ሲጨምር ለሁለቱም ጉልበት ይጠይቃል። ግን እጥፍ የሚሆነው በሚፋጠንበት ቅጽበት ብቻ ነው። አቀበት ላይ እየተነፈሱ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲወጡ ክብደት ክብደት ነው፤ ቸርኬ ላይ ይሁን ኪስ ውስጥ ለምድር ስበት ልዩነት የለውም። መፋጠኑንም ቢሆን እንቁጠረው። ከትራፊክ መብራት ተነስቶ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ፣ ያ ግማሽ ኪሎ በእጥፍ ተቆጥሮ የሚበላው 35 ጁል ነው፤ በ200 ዋት ከአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ያነሰ ጊዜ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከኋላ የሚጮኸው ክላክስ እንኳ ከዚያ ይዘገያል።

አሁን ይኸው ሰው ቸርኬውን ትቶ ጎማውን ብቻ ቢቀይርስ? ጎማ በዞረ ቁጥር መሬት የሚነካው ክፍል ይጨፈለቃል፣ ከዚያ ተመልሶ ይነሳል፤ በዚህ መጨፍለቅና መነሳት መሃል ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ለስላሳና ስስ ተደርጎ የተሠራ ጎማ ከተሸከመው ክብደት ሦስት ሺኛውን ያህል ብቻ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ደረቅና ወፍራም ርካሽ ጎማ ደግሞ ስድስት ሺኛውን። በ80 ኪሎ ሲሰላ አንዱ በ240 ግራም፣ ሌላው በ480 ግራም ሸክም ልክ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ይዞ የሚጎትት ልጅ ከኋላ እንዳለ ቁጠሩት። በዚያው የ8 ኪሎ ሜትር የእንጦጦ መንገድ ላይ የሁለቱ ልዩነት ከ90 ሰከንድ በላይ ነው። አቀበት የቀላል ቸርኬ ግዛት ነው ይባል የለ? በገዛ ግዛቱ 12 ለ90 ተሸነፈ። ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ደግሞ ጥሩው ጎማ 20 ዋት ገደማ ያተርፋል፤ ከ200 ዋት ላይ አንድ አስረኛ፣ እንደ አሥራት። ዋጋው ለጥንዱ ከ100 እስከ 150 ዶላር ነው። ርካሽ ነው አላልኩም፤ ብር ሆኖ ሲመነዘር ማንንም ያስደነግጣል። ግን ለዚያች ሩብ ካርድ የተከፈለ ነው።

ጥሩ ጎማ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በእጅ ይታወቃል። ጎማውን ከመግጠም በፊት ጎኑን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ማጠፍ ነው። እንደ ስስ ቆዳ ተጣጥፎ ምንም ሳይቀየም የሚመለስ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሲታጠፍ የሚያንገራግር፣ እጥፋቱ ላይ ደቃቅ ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነ በሱቁ መስኮት ፀሐይ ሲሞቅ የኖረ ነውና ለሻጩ ይመለስለት። ጥርስ የለውም ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። መኪና በዝናብ ጊዜ ውሃ ላይ እንዳይንሳፈፍ ጥርስ ይፈልጋል፤ የብስክሌት ጎማ ግን ጠባብና ክብ ስለሆነ ውሃውን ራሱ ሰንጥቆ ያልፋል፣ ልሙጡም በክረምት አስፋልት ከጥርሳሙ አያንስም። ጎሚስታው ይህን አያምንም። አያምንም እንጂ፣ ከሱ ጋር ተከራክሮ ማስቲሹን እንዲያስቀምጥ ማድረግ ደግሞ የሚመከር አይደለም።

ስፋቱ ላይ ነው ትልቁ ጠብ። ለብዙ ዘመን የኮርስ ጎማ ሲባል 23 ሚሊ ሜትር፣ ያውም እስከ 120 ፒኤስአይ ግፊት የተነፋ፣ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ የሚጮህ ነበር። ሰፊ ጎማ የሰነፍ ነው ይባል ነበር። ነገሩ ግን ተገልብጧል፤ ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች ካለፈው አስርት ዓመት መጀመሪያ አንስቶ ወደ 25፣ ቀጥሎ ወደ 28 አለፉ፣ ዛሬ 30 ሚሊ ሜትር መግጠም አያስገርምም። ምክንያቱ ፋሽን አይደለም። ግፊቱ እኩል ከሆነ መሬት የሚነካው የቆዳ መጠን ለጠባቡም ለሰፊውም ያው ነው፤ ቅርጹ ግን ይለያያል። የጠባቡ ቀጭንና ረጅም ስለሚሆን የጎማው ጎን በርዝመቱ ብዙ ይጨፈለቃል፤ የሰፊው አጭርና ወርዳም ስለሆነ ያነሰ ይጨፈለቃል፣ ስለዚህ ያነሰ ይባክናል። ይህ በለሰለሰ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ሸካራ ሲሆን ደግሞ ሌላ ኪሳራ ይመጣል። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ጠጠሯን ከመዋጥ ይልቅ ብስክሌቱን ከነሰውየው ወደ ላይ ያነጥረዋል፤ ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት የሰውየውን ጉንጭና ቦርጭ በማንቀጥቀጥ ያልቃል። በአሜሪካ «ባይስክል ኳርተርሊ» የተባለውን መጽሔት የመሠረተው ያን ሃይን፣ በአውራ ጎዳና ዳር የሚያንቀላፋ ሾፌርን ለመቀስቀስ በሚሠሩት ሸካራ መስመሮች ላይ ብስክሌት አስነድቶ ይህን ብክነት ለክቶታል፤ ትልቅ ሆኖም አግኝቶታል።

«ግን እኮ ጠባቡ ሲነዳ ፈጣን ነው፣ ይሰማኛል» የሚል አለ። ይሰማዋል፣ አይዋሽም። የሚሰማው ግን ፍጥነት ሳይሆን መንቀጥቀጥ ነው። ሰማያዊዋን ላዳ ታክሲ ያስታወሰ ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም። ላዳ በ60 ስትበር በሩ ይንኳኳል፣ መስታወቱ ይዘፍናል፣ ተሳፋሪው ዳዊት ይደግማል፤ በጥሩ መኪና 100 የሚሄድ ሰው ግን ያንቀላፋል። ማን ፈጠነ? ሰውነታችን ንዝረትን በፍጥነት ስም ስለሚመዘግብ፣ ለስላሳው ጎማ ሁልጊዜ ቀርፋፋ ይመስላል፤ ሰዓት እስኪታይ ድረስ። ስለዚህ ግፊትም ይቀንሳል፦ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 28 ሚሊ ሜትር ጎማ 70 ፒኤስአይ አካባቢ፣ 32 ከሆነ ደግሞ 55 አካባቢ ይበቃዋል። «ድንጋይ አስመስለህ ንፋልኝ» የሚለው ትዕዛዝ በቅሎዋ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች እንደተባለው ነው።

ለነገሩ ሰፊው ጎማ እንግዳ አይደለም፣ ባለቤቱ ነው። የኮርስ ብስክሌት ጎማ ላይ 700C የሚል ይጻፋል። ይህ የፈረንሳዮች የድሮ አለካክ ነው፤ 700 የጎማው የውጭ ቁመት በሚሊ ሜትር፣ ሲ የምትለዋ ፊደል ደግሞ የስፋቱ ደረጃ። ቸርኬው ራሱ 622 ሚሊ ሜትር ነው። ከ622 ተነስቶ 700 ለመድረስ በየጎኑ 39 ሚሊ ሜትር የሚያህል ጎማ ያስፈልጋል። ማለትም ይህ ቸርኬ ሲወለድ ለወፍራም ጎማ ነበር የተወለደው፤ ቀጭኑን ያለበስነው በኋላ ነው። ወደ ኋላ ከሄድንማ በአየር የተነፋ ጎማ ለገበያ የበቃው በድንጋይ መንገድ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ቤልፋስት ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ የልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት እንዳይንገጫገጭ ብሎ ነው የሠራው። ልጁ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ልነዳ ነው አላለም።

እና ስለ ድንጋይ ካነሳን፣ ኮብልስቶን የት ይቀራል? በሰሜን ፈረንሳይ ከ1896 ጀምሮ የሚካሄድ ፓሪስ–ሩቤ የተባለ ውድድር አለ፤ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነው መንገድ ከ50 በላዩ ያረጀ የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ «የሰሜኑ ሲኦል» ይሉታል። የዓለም ጎበዞች በዓመት አንድ ቀን ለዚያ ሲኦል 32 ሚሊ ሜትርና ከዚያም የሚሰፋ ጎማ ገጥመው ይቀርባሉ። የአዲስ አበባ ጋላቢ ያንን ሲኦል ከቤቱ በር እስከ ዋናው መንገድ በየጠዋቱ ያልፈዋል፤ ዋንጫም የለው፣ ጎማውም 23 ነው። «አሁን እኮ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል» የሚል ይኖራል። ተሠርቷል፣ ለስላሳም ነው፣ እሰየው። ግን መስመሩ እስከ መኝታ ቤት አልደረሰም፤ በመስመሩና በቤቱ መካከል ኮብልስቶኑም፣ ክዳኑ የጠፋ ጉድጓዱም፣ ውሃ ልማት ቆፍሮ አፈር ያለበሰው ቦይም አለ። ጎማ የሚመረጠው ለመንገዱ ምርጥ ክፍል ሳይሆን ለክፉው ነው።

ከሁሉም ጠንካራ የሚመስለው ተቃውሞ የነፋሱ ነው። ጠለቅ ያለ ቸርኬ ነፋስን ይሰነጥቃል፤ ይህ እውነት ነው፣ በፈጣን ውድድር ዋት ያተርፋል። ነገር ግን ነፋስን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ነው የሚያድገው፤ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘው ትርፍ በ25 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ አንድ ስድስተኛው ይወርዳል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የአየሩ መቃወም በሳሳ ቁጥር የጎማው ድርሻ ከፍ ይላል። እዚህ ከተማ የሚነዳ ሰው ተፈጥሮ ራሷ ነፋሱን ቀንሳለት ሳለ፣ እሱ የቀረውን ሊቀንስ 1,000 ዶላር ይከፍላል፤ ያውም አብዛኛውን ነፋስ የሚያቆመው ቸርኬው ሳይሆን የሰውየው የራሱ ደረትና ከኋላው እንደ ባንዲራ የሚውለበለበው ጃኬት ሆኖ ሳለ። ሜዳ ላይ ብቻውን በሰዓት ከ40 በላይ ለሚሮጥ ተወዳዳሪ ግን ክርክሬን አነሳለሁ፤ እሱ ይግዛ። እሱም ቢሆን ጎማውን ከቀየረ በኋላ።

«ታዲያ እነ ጽጋቡ ግርማይ፣ እነ ቢንያም ግርማይ ካርበን አይደለም ወይ የሚነዱት?» የሚል ይኖራል። ነው። ጽጋቡ እ.ኤ.አ. በ2016 የቱር ደ ፍራንስን መንገድ የነካ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ኤርትራዊው ቢንያምም በ2024 አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ፣ ከኋላቸው ጣሪያዋ ላይ ብስክሌትና ቸርኬ የደረደረች የቡድን መኪና ትከተላቸው ነበር። ሲሰበር እጅ ያነሳሉ፣ መካኒክ እየሮጠ ይመጣል፣ በሰከንዶች ይቀየራል፣ ሒሳቡም የቡድኑ ነው። የእኛን ጋላቢ ከኋላው የሚከተለው ሚኒባስ ነው፤ እጅ ቢያነሳለትም የሚቆመው ሊጭነው ነው። በ20 ሽቦ የተወጠረ የውድድር ቸርኬ አንድ ሽቦ ሲበጠስበት ተጣሞ ፍሬኑን ይነክሳል። ባለ 32 ሽቦው ግን አንዱ ቢበጠስ ትንሽ ይወላገዳል እንጂ ፍሬኑን ላላ አድርጎ ቤት ያስገባል።

የእሾህና የጠርሙስ ስባሪ ነገርም አለ። «በዚህ አገር የሚያዋጣው ወፍራሙ ነው፣ ለስላሳው ይበሳል» የሚሉት ትክክለኛ ፍርሃት ነው፣ እኔም በግማሽ እስማማለሁ። መፍትሔው ግን ድንጋይ የሚያህል ጎማ ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ልጅ እያስጎተቱ መኖር ሳይሆን፣ መሃሉ ላይ ብቻ መከላከያ ንጣፍ ያለውንና ጎኑ ለስላሳ የሆነውን መምረጥ፣ ሰፋ አድርጎም ባነሰ ግፊት መንዳት ነው፤ ያልተወጠረ ጎማ ስባሪው ላይ ሲወጣ እጅ ይሰጣል፣ የተወጠረው ይቀደዳል። ከመነዳሪ የሌለው፣ ፈሳሽ የሚጨመርበት ዘዴስ? ትንንሽ ቀዳዳ ራሱ ይደፍናል፣ ድንቅ ነው። ግን ፈሳሹ በወራት ውስጥ ይደርቃል፣ እንደገና መጨመር አለበት፤ ትልቅ ስንጥቅ ከመጣ ደግሞ መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ በዚያ ነጭ ወተት በተለወሰ ጎማ ፊት ቆሞ ያማትባል። በ1891 ከፓሪስ ብሬስት፣ ከብሬስት ፓሪስ የተደረገውን 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ውድድር ሻርል ቴሮን ያሸነፈው ሚሽሊኖች በሠሩት፣ መንገድ ላይ ወልቆ ሊጠገን በሚችል ጎማ ነበር። ኪስ ውስጥ የምትገባ ከመነዳሪ፣ ሁለት የፕላስቲክ ማውለቂያና ትንሽ ፖምፓ ዛሬም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ፤ የኮርስ ብስክሌት ቀጭን ቫልቭ ከጎሚስታው የመኪና ፖምፓ ጋር አይገናኝም። ጫፏ ላይ ያለችውን ደቃቅ ብሎን ፈታ አድርጎ የምትጠለቅ፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የነሐስ ቆብ አለች። ያችን ያልያዘ ሰው አየር ባለበት አገር አየር አጥቶ ይቆማል።

ቸርኬ ጭራሽ አይገዛም አላልኩም። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ በያዘ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይልጠዋል፤ የክረምት ጭቃ ሲገባበት ደግሞ እንደ ሞረድ ነው። ያንኑ የኤቲኤም ካርድ አውጥቶ ጠርዙን ፍሬኑ በሚይዘው ፊት ላይ ቀጥ አድርጎ ማስደገፍ ነው። ከካርዱ ጀርባ ብርሃን ካሳለፈ፣ ብረቱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ብዙ ከሰረጎደም አንድ ቀን በአየሩ ግፊት ይተረተራል፣ ያም ቀን ቁልቁለት ላይ የመሆን ልማድ አለው። ያኔ ቸርኬ ይገዛል፤ ግን አሉሚኒየም፣ ሽቦው 32፣ ሞዞው ደግሞ እንደ 6902 ያለ የተለመደ ቁጥር የተጻፈበት ኩሽኔታ የሚወስድ፣ የኩሽኔታ ሱቅ ሄደው «ይሄን ስጠኝ» የሚሉት። ካርበን ላይ በላስቲክ ፍሬን ይዞ ከእንጦጦ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፣ በዝናብ ደግሞ አይዝም፤ በአንድ ቁልቁለት ሁለት ፈተና። በዲስክ ፍሬን ለሚነዱ ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም፣ የነሱ ቸርኬ ከጎማቸው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። አዲስ ጎማ አንድ ብቻ ከተገኘ ደግሞ ከፊት ይግባ፤ ያረጀው ወደ ኋላ ይሂድ። የኋላው ቢፈነዳ ይወላገዳል፣ የፊቱ ቢፈነዳ ይጥላል።

እኔን የሚረታኝ አንድ ተቃውሞ ብቻ ነው፤ «አይገባም» የሚለው። የድሮ የኮርስ ብስክሌት ፍሬንና ሹካ ከ25 ወይም ከ28 ሚሊ ሜትር በላይ አያስገባም፤ ጭቃና ጠጠር እንዲያልፍ ደግሞ በጎማውና በብረቱ መሃል 4 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መቅረት አለበት። ያው ጎማ ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲገጠም ከተጻፈበት ቁጥር አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ጨምሮ ይገኛል፤ ስለዚህ ማስመሪያ ሳይዙ መሄድ ከንቱ ነው። 28 የማይገባለት 25 ይግዛ፣ ክርክሩ ያው ነው።

ጎማ ከቸርኬ የሚበልጥበት የመጨረሻ ጥቅም ደግሞ ሻንጣ ውስጥ መግባቱ ነው። ጥሩ ጎማ እዚህ ማግኘት ላልቻለ ሰው ተስፋው ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ 23 ኪሎዋን ለሽቶና ለቫይታሚን አከፋፍላ ጨርሳለች። ቸርኬ አምጪልኝ ማለት ዝምድና ማፍረስ ነው። የሚታጠፍ ጎማ ግን እንደ ካልሲ ተጠቅልሎ ጫማ ውስጥ ይገባል፤ ክብደቱም 300 ግራም አይሞላም። ችግሩ መልእክቱ ላይ ነው። «28 ኢንች አምጪልኝ» ከተባለች ነገር ተበላሸ፤ በዓለም ላይ 28 ኢንች የሚባል ቸርኬ አንዱ 622 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሌላው የድሮዎቹ ጥቁር የቻይና ብስክሌቶች የሚጠቀሙበት 635 ነው፣ ማውንቴን ብስክሌት ላይ 29 የሚባለው ደግሞ ተመልሶ ያው 622 ነው። ሁለት ሰዓት ብለን ቀጥረን ፈረንጁ በስምንት ሰዓት የሚያየን ሕዝብ በዚህ መደናገር አልነበረብንም፣ ግን እንደናገራለን። የሚላከው ጎማው ጎን ላይ በትንንሹ የታተመው ቁጥር ነው፦ «28-622፣ የሚታጠፍ፣ ሁለት»። እሷም መልሳ «ቀለሙስ?» ብላ ትጠይቃለች።